ድሬሰር ይርዳውና የፉርሽካው በሬ

የይርዳውን ሞት የሰማሁት አፌን ቆሎ ሞልቶት ሳለ ነው። ቢቸና መናኸሪያ፣ ከግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጬ፣ የተቆላ ገብስ ከሽንብራ ጋር እየቆረጠምሁ ነበር። ከሞጣ የመጣው አውቶቡስ ቆመና አንዲት የማውቃት ነጋዴ ወርዳ ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ፣ አልሰሙም እንዴ? ድሬሰር ይርዳው እኮ ትናንት ተቀበሩ» አለችኝ።

እንደ ሰው «ወይኔ» ልል ፈልጌ ነበር፤ አፌ ግን ሙሉ ነው። መትፋት ነውር ሆነብኝ። ሳላኝክ መዋጥ ደግሞ እሱ ራሱ የከለከለኝ ነገር ነው። ስለዚህ ሴትዮዋ ቆማ እያየችኝ፣ እንባዬ እየወረደ፣ አኘክሁ። ቆሎው ልሞ ልሞ እስኪያልቅ አኘክሁ። ሐዘኔን ሳትታዘበው አልቀረችም፤ ራሷን ነቅንቃ ሄደች። ምን ታድርግ፣ አታውቅም። ለዚያ ሰው ከዚህ የተሻለ ልቅሶ አልነበረኝም።

ይርዳው የሞጣ ተወላጅ ነው። ባጃጅ ገና ቢቸና ባልገባበት ጊዜ ወደ እኛ ጤና ጣቢያ ተዛውሮ መጣ። ድሬሰር ነበር፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ ሐኪሙ ለስብሰባ ሲሄድ ሐኪም ይሆናል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ካፖርቱ ላይ የተሰቀለ የሚመስል ሰው። ካፖርቱ ሁለት ኪስ ነበረው። በግራው ፋሻ፣ በቀኙ ቆሎ። አንድ ቀን ተሳስቶ ፋሻውን ወደ አፉ ሲወስድ ዓይቸዋለሁ። ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚነቀነቀው። ሰው ሲያገኝም «እንደምን ዋልህ» አይልም። «ምን በላህ?» ነው የሚለው። መጀመሪያ ላይ ከተማው ሁሉ ሆዳም ነው ብሎ አማው። እኔም አምቸዋለሁ፤ ለዚያውም እኔ።

እኔ ማለት በዚያን ጊዜ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርሁ። ይርዳው እስከ መጨረሻው «ጸሐፊ» እያለ ነው የጠራኝ። ስለ ጽሕፈቴ የሚያማኝ አልነበረም፤ ስለ አበላሌ ግን የማያማኝ አልነበረም። የጠረጴዛዬ መሳቢያ ግማሹ ማኅተም፣ ግማሹ ዳቦ ነው። ባለጉዳዮች መዝገባቸውን ሲገልጡ ፍርፋሪ ያገኙበት ነበር። በስድስት ሰዓት ምሳ እበላለሁ፤ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ሆዴ መጮኽ ይጀምራል። አንድ ጊዜ ችሎት ላይ እንዲህ ጮኾ ዳኛው «ማነው የተናገረ?» ብለዋል። እኔም መዝገብ እንደሚፈልግ ሰው ጎንበስ አልሁ።

ጥምቀት ባለፈ ሰሞን የግራ እግሬ ትንሿ ጣት ቆሰለች። አዲስ ጫማ ነው የላጣት። ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ፣ አልድን አለች። ውሃ ይጠማኛል፣ ሽንት ያመላልሰኛል፤ እኔ የማስበው ግን ጫማውን የሸጠልኝን ሰው ስለመርገም ነው። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ይርዳው ጣቴን አገላብጦ አየና ቀና አለ።

«ምን በላህ?»

«ለጣቴ ነው የመጣሁት።»

«ጣትህን ዓይቻለሁ። ዛሬ ጠዋት ምን በላህ?»

«ዳቦ በሻይ።»

«ስንት?»

«ሻዩ?»

«ዳቦው።»

«አራት። ትንንሽ ናቸው እኮ፣ ድሬሰር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ራበኝ።»

ትከሻው አልተነቀነቀም። ሽንቴን መረመረ፣ ደሜን መረመረ፣ ሐኪሙ ዘንድ አስገባኝ። ስኳር ተገኘብኝ። ሐኪሙ ክኒን አዘዘልኝና ጣቴን እያየ፣ «እስከ ፋሲካ እንጠብቃታለን። ካልዘጋች ወደ ትልቁ ሆስፒታል እልክዎታለሁ፤ እዚያ መቁረጣቸው አይቀርም» አለኝ። ወጥቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥሁ። ሰው ትንሿ ጣቱ መኖሯን እንኳ ረስቶ ነው የሚኖረው። በዚያች ሰዓት ግን ከአካሌ ሁሉ እንደ እሷ የምወደው አልነበረም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ይርዳው ወደ ተከራያት ክፍል ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ አስቀምጧል። በአንዱ የሻይ ቤት ነጭ ዳቦ ቆርሶ ከተተና ውሃ ሞላበት። በሌላው የተወቀጠ ተልባ አድርጎ ውሃ ጨመረበትና አማሰለው። «አሁን ተቀመጥና ስለ መዝገብ ቤትህ አውራኝ» አለ። አወራሁለት። ስጨርስ ሁለቱንም ብርጭቆ አንሥቶ ወደ ሳህን ዘቀዘቃቸው። ዳቦው ሟሙቶ ኖሮ ከነውሃው እልም ብሎ ፈሰሰ። ተልባው ወፍሮ፣ ተዝለግልጎ፣ ከብርጭቆው አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«የትኛው ነው ከሆድህ ቶሎ የሚወጣው?»

«ዳቦው።»

«ስኳሩስ የየትኛው ነው ወደ ደምህ የሚሮጠው?»

«የዳቦው።»

«አየህ፣ ሐኪም ሆንህ። ይኼን የሚያዘገየውን ነገር ሐኪሞቹ ፋይበር ይሉታል፤ አሰር በለው። እህሉ ሲላጥና ሲነፋ ብዙው ይሄዳል።» ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ እጄ ላይ አፈሰሰ። «ሌላም አለ። ሆድህ ሲሞላ ወደ ጭንቅላትህ ደብዳቤ ይጽፋል፤ በቃኝ ብሎ። መዝገብ ቤት ነህና ንገረኝ፤ ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ለመድረስ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«እንደ ተላላኪው ነው።»

«የአንተ ተላላኪ አንካሳ ነው እንበል። እሱ መንገድ ላይ ሳለ አንተ አራተኛዋን ዳቦ ትውጣለህ። ቆሎ ግን ሳይኘክ አይወርድም። አንተ ስታኝክ ተላላኪው ይደርሳል።»

ክኒኑን ሳላቋርጥ፣ ባቄላና ሽንብራውን፣ ገብሱን፣ ጎመኑን፣ ተልባውን እንዳዘወትር፣ የስንዴ ዱቄትም ከእንግዲህ እንዳይነፋብኝ ነገረኝ። ሁሉም ቀላል መሰለኝ። ባለቤቴን ትርንጎን ረስቻት ነበር።

«ዱቄቱን አትንፊው» አልኋት። ወንፊቱን እንደያዘች ዞር ብላ አየችኝ።

«ምን አልህ?»

«ድሬሰር ነው ያለው። ገለባው ይግባበት አለ።»

«ድሬሰር ቁስሉን ይጠብ። ይኼን ሁሉ ዓመት የነፋሁትን ዱቄት ዛሬ ሳልነፋ ብጋግር ሰው ምን ይለኛል? ትርንጎ ደመወዝተኛ ባሏን የከብት መኖ ታበላው ጀመር ይሉኛል።»

በእኛ ሰፈር ሴት ሙያዋ የሚታየው በዱቄቷ ነጣት ነው። እንግዳ የሚከበረውም በዚያው ነው። አልተከራከርኋትም። ብልህ መስሎኝ በስውር ሌላ መንገድ ያዝሁ። ገበያው ዳር የከብት መኖ ከሚሸጥበት ሱቅ ግማሽ ጆንያ ፉርሽካ ገዛሁ። አሰር ከተባለ ይኸው አሰር፤ ከወጡ ጋር እያማታሁ ልበላው። ጆንያውን በካፖርቴ ሸፍኜ ስመለስ ከጎረቤቴ ከአያ ሙጨ ጋር ተገጣጠምሁ። አያ ሙጨ የሰፈራችን የቅርጫ ዳኛ ነው፤ በየበዓሉ በሬ መርጦ፣ ሰው አስተባብሮ፣ ሥጋውን እሱ ነው የሚመድበው።

«ጸሐፊ፣ ምንድን ነው የታቀፍኸው?»

«ፉርሽካ ነው፣ አያ ሙጨ።»

«በሬ ገዛህ እንዴ?»

እውነቱን ለመናገር አንድ ትንፋሽ የምታህል ጊዜ ነበረችኝ። «ለራሴ ነው» ብል በነጋታው ከተማው ሁሉ ሣር ሊያቀርብልኝ ነው።

«አዎ» አልሁ።

«የት አሰርኸው?»

«ገጠር፣ ወንድሜ ዘንድ።»

«መልኩስ?»

«ቀይ።» ለምን ቀይ እንዳልሁ ዛሬም አላውቅም። «ባለ ነጭ ግንባር።»

አያ ሙጨ ፊቱ በራ። «በፉርሽካ የደለበ በሬማ ለሌላ ሰፈር አይሄድም» አለ። ሁለት ቀን ሳይሞላ ለፋሲካ ቅርጫ አሥራ አንድ ሰው ተመዘገበ። መዝጋቢው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እኔ። «ጽሕፈትህ ያምራል» ብለው ወረቀቱን ሰጡኝ። በሥራ ዘመኔ በእጄ የጻፍሁት የሐሰት ሰነድ ያ ብቻ ነው፤ እንዴት አምሮ ተጽፎ እንደነበር ግን ልነግራችሁ አልችልም።

ከዚያ ወዲያ በየመንገዱ ጥያቄ ሆነ።

«በሬያችን እንዴት ነው?» ይለኛል አያ ሙጨ።

«ይበላል።»

«ውሃስ?»

«ውሃ ብዙም አይወድ።»

«ኧረ እንዳይሆን! ፉርሽካ በልቶ ውሃ ካልጠጣ ይነፋዋል። ለወንድምህ ንገረው።»

የሚነገረው ወንድሜ አልነበረም። እኔ ግን ሰው ለበሬ ያለውን ምክር ምን ብዬ ልስማ? ሽሮዬ ላይ ፉርሽካውን በጭልፋ እየጫንሁ፣ ያውም ደረቁን፣ ቶሎ ልዳን ብዬ ዋጥሁት። በአራተኛው ቀን ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ወደ ላይም ወደ ታችም የሚሄድ ነገር ጠፋ። ሦስት ቀን አልጋ ላይ ተንፈራገጥሁ። ትርንጎ ደንግጣ ይርዳውን አስጠራችው።

ሆዴን በጣቶቹ መታ መታ አደረገና ጆሮውን አቀረበ።

«ምን በላህ?»

በዓይኔ ወደ አልጋው ሥር አመለከትሁ። ጎንበስ ብሎ ጆንያውን ጎትቶ አወጣው። መጀመሪያ ትከሻው ተነቀነቀ፤ ከዚያ ቆይቶ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ጸሐፊ፣ በሬ እኮ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ሌላ ሆድ አለው። አንተ ያለህ አንድ ነው፤ እሱም አኩርፏል። በአንድ ሳምንት ጆንያ ጨርስ አልሁህ? ቀስ በቀስ ነው፤ ውሃም ካልጠጣህበት እንዲህ ይቆልፍሃል። ደግሞስ ይኼ ደረቅ ገለባ ሆድ ለማንቀሳቀስ ይረዳ ይሆናል እንጂ ረሃብህን የሚያዘገይልህ ያ ብርጭቆ ላይ ተንጠልጥሎ ያየኸው ነው። ባቄላው የት ሄደ? ገብሱስ?»

ትርንጎ ጆንያውን እያየች ዓይኗ እንባ ሞላ። «ተደብቀህ የከብት መኖ ከምትበላ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ነግሬሽ ነበር።»

«ለጣትህ መሆኑን ነግረኸኝ ነበር? ይቆረጣል መባሉንስ ትናንት ሌሊት ስትቃዥ አይደል የሰማሁት?»

አልነገርኋትም ነበር። ፈርቼ ነው። ይርዳው በርጩማ ስቦ ተቀመጠ፤ ወሬውን ለእሷ ይሁን ለእኔ እንጃ፣ መሬት መሬት እያየ ጀመረ።

«ሞጣ ታላቅ ወንድም ነበረኝ» አለ። «ስኳር ነበረበት። የእግሩን ቁስል በየቀኑ የማጥበው እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን አላጓደልሁም። አጥቤ፣ አሥሬ ስጨርስ ሚስቱ ማዕድ ታቀርባለች። የተነፋ ነጭ ዳቦ፣ በማር። እኔም አብሬው እበላ ነበር። ቁስሉን ብቻ እያየሁ አፉን ሳላይ ቀረሁ። መጀመሪያ እግሩ ሄደ። ቀጥሎ እሱ ሄደ።» ከኪሱ አንዲት ሽንብራ አውጥቶ በጣቱ አገላበጣት፤ አልበላትም። «ዳቦው ብቻ ገደለው አልልም። ግን አልጠየቅሁትም። ከዚያ ወዲህ ነው ሰው ባገኘሁ ቁጥር ምን በላህ የምለው፤ ሰላምታ ጠፍቶኝ አይደለም።»

ሽንብራዋን ወደ ኪሱ መለሳት። ከዚያ ይርዳው ተነሣ።

«ትርንጎ፣ እሑድ እንግዳሽ ነኝ። ዳቦ ትጋግሪልኛለሽ። ሳትነፊ።»

«ለእንግዳማ እንዴት አድርጌ?»

«እንግዳው እኔ አይደለሁም? የምወደውን እኔ አውቃለሁ።»

እሑድ መጣ። ትርንጎ ዳቦውን እንዳይታይባት በሰፌድ ክዳን ሸፍና ነበር ያቀረበችው። ጎረቤት ሴቶች ሁለት ሆነው ተቀምጠዋል። ይርዳው ክዳኑን ራሱ አነሣ፣ አሸተተ፣ ቆርሶ በዝግታ አኘከ፤ ከባቄላው ንፍሮ ጋር እያለ አንድ ሰዓት ሙሉ በላ። ሲሄድ ደግሞ «ለመንገዴ» ብሎ አንድ ቁራሽ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለና ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት፣ ተቀምጦ ጨረሰው። በሳምንቱ አንደኛዋ ጎረቤታችን ሳትነፋ ጋገረች። ሰፈራችን ውስጥ ያ ዳቦ እስከ ዛሬ «የድሬሰር ዳቦ» ነው የሚባለው።

ሁዳዴን እንዲህ ገፋነው። ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋሉን የንስሐ አባቴ ለክኒኑ ብለው ፈቱልኝ። ጠዋት ተልባ፣ ቀን ንፍሮና ጎመን፣ መሳቢያዬ ውስጥ ከማኅተሙ አጠገብ ቆሎ። ይርዳው በየማታው ከሥራ ሲወጣ ይመጣና ጣቴን ያጥባል። አንድ ቀን ቢሮ ተቀምጬ ስጽፍ ቀና ብዬ ሰዓቱን አየሁ፤ አሥር ሰዓት። ሆዴ ድምፁን አላሰማም። ደነገጥሁ፤ የሞተ መሰለኝ። ሮጬ ይርዳውን ብነግረው «ደብዳቤው ደርሶሃል ማለት ነው፤ ፈርምና ተቀበል» አለኝ። ውሸት አልወድም፤ ሙሉ በሙሉ አልዳንሁም። ዛሬም በሻይ ቤት በር ሳልፍ ነጭ ዳቦ በስሜ የሚጠራኝ ይመስለኛል። ግን ረሃቤ ሥርዓት ያዘ፤ ሳይፈቀድለት መጮኹን ተወ። ጣቴም ከዳር ከዳሯ እየደረቀች መጣች። በሆሳዕና ዋዜማ ሐኪሙ ፋሻውን ፈትቶ አየና «ዘግታለች» አለ። ይርዳው ወጥቶ ውጭ ቆመ። ቆይቶ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ አቧራ ነው አለ።

ጣቴ ዳነች። በሬው ቀረ።

«ሞተ እላቸዋለሁ» አልሁት ይርዳውን።

«ምን ገደለው?»

«ነፍቶት።»

«ቆዳውስ የት ሄደ ይሉሃል። አያ ሙጨ ደግሞ ለማስተዛዘን ወንድምህ ድረስ ይሄዳል።»

«እንግዲያ አንተ ንገርልኝ።»

«የበሽተኛዬን ምስጢር አላወጣም። የበሬህንም ውሸት አልሸከምም። ጣትህን አክሜያለሁ፤ ምላስህን ራስህ አክም።»

በሆሳዕና ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ዘንባባውን ጣታቸው ላይ ያሠሩት የቅርጫ ሰዎች ከአያ ሙጨ ግንብ ሥር ተሰብስበው አገኘኋቸው። ይርዳው ከኋላዬ አለ።

«ገመዱን አዘጋጅተናል» አለ አያ ሙጨ። «ማክሰኞ ወንድምህ ዘንድ ሄደን እናምጣው?»

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የግራ ጫማዬን አወለቅሁ። ካልሲዬንም አወለቅሁ። ሰዎቹ ተያዩ።

«በሬ የለም» አልሁ። «ፉርሽካውን የበላሁት እኔ ነኝ። ይቺ ጣት ልትቆረጥ ነበር።»

አያ ሙጨ ጣቴን ለረጅም ጊዜ አያት።

«ፉርሽካውን ሁሉ?»

«ሁሉን ማለት ይቻላል።»

«ቀይ፣ ባለ ነጭ ግንባር ነው ያልኸን።»

«ነጭ ግንባሩስ አልተዋሸም» አለ አንዱ ሽበቴን እያየ።

«ደለብህ?» አለኝ አያ ሙጨ።

«ቀነስሁ።»

«እንግዲያው ለቅርጫ አትሆንም።»

ወደ ኋላዬ ሳልዞር የይርዳው ትከሻ እየተነቀነቀ መሆኑን አወቅሁ። ፈረዱብኝ። ከገበያ የሚገዛውን በሬ እኔ ጎትቼ ላመጣ፣ ለዚያውም በቢሮ ኮቴና በከረባቴ። አመጣሁት ልበል እንጂ አመጣኝ። በዋናው መንገድ ስናልፍ ባለሱቆች በር ላይ ወጥተው «ጸሐፊ ወንድሙን ይዞት መጣ» ይሉ ነበር። ይርዳው እስከ ሰፈር ድረስ ከበሬው ኋላ ኋላ፣ ቆሎውን እየቆረጠመ ተከተለን።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ ለእኔ ብቻ የተለየ ሰላምታ አወጣልኝ። የትም ቢያገኘኝ፣ ገበያ መሀል ይሁን ሠርግ ቤት፣ መጀመሪያ «አውልቅ» ይለኛል።

«በሰው ፊት?»

«አውልቅ።»

አወልቃለሁ፤ እያጉረመረምሁ። እሱ ጎንበስ ብሎ ይቆጥራል። «አሥር» ይልና «እንደምን ከረምህ» የሚለው ያን ጊዜ ነው።

ጡረታ ወጥቶ ሞጣ ከገባም በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ እሄድለታለሁ። የመጨረሻው ጉዞዬ ያለፈው ጥቅምት ነበር። አልጋ ላይ አገኘሁት፤ ካፖርቱ ምስማር ላይ ተሰቅሎ፣ ኪሶቹ ባዶ። ሆዱ ውስጥ ያደረው በሽታ ምግብ አስጠልቶታል። እህቱ አጥሚት ይዛ ትለምነዋለች፤ አንድ ማንኪያ ወስዶ ፊቱን ያዞራል።

«ምን በላህ?» አልሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ጠየቅሁት።

«ምንም» አለ። «ይገርምሃል፣ ጸሐፊ። ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ረሃብ ሳወራ ኖሬ አሁን ረሃቡ ራሱ ጥሎኝ ሄደ። ጥጋብ አይምሰልህ። ጥጋብ ሌላ ነው፤ ደስ ይላል።» ትንሽ ቆየና «ያን ቆሎህን አውጣ» አለኝ። «ብላ፣ ልይህ።»

አጠገቡ ተቀምጬ በላሁለት። ያን ያህል በዝግታ በልቼ አላውቅም። እያንዳንዷን ፍሬ እስክታልቅ ያየኝ ነበር። ስጨርስ «ደረሰ?» አለኝ። ደብዳቤውን ነው። «ደረሰ» አልሁት። ዓይኑን ጨፈነ። ልሄድ ስነሣ ደግሞ እንደጨፈነ፣ «አውልቅ» አለኝ። ጎንበስ ማለት ስላልቻለ እግሬን አልጋው ጠርዝ ላይ አሳረፍሁለት፤ ጣቶቼን በእጁ ዳብሶ ቆጠራቸው።

መርዶውን በሰማሁ በማግስቱ፣ ለሠልስቱ፣ ሞጣ ደረስሁ። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ንፍሮ እየዞረ ነበር፤ ስንዴ ከባቄላ ጋር። እፍኜን ሞሉልኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ እኔ አንዷን ፍሬ ሳላኝክ እሳቸው ጨርሰው እንደገና መዳፋቸውን ዘረጉ። «ቀስ ይበሉ፣ አባቴ፤ ይደርሳል» አልኋቸው። ምን እንደሚደርስ አልጠየቁኝም።

ከዚያ ብቻዬን ወደ መቃብሩ ሄድሁ። አፈሩ ገና እርጥብ ነው። ሴቶች ትንሽ ራቅ ብለው ተቀምጠዋል። የምሰናበትበት ቃል ሳሰላስል ቆየሁ፤ መዝገብ ቤት የኖረ ሰው ቃል ያጣል አይባልም፤ እኔ ግን አጣሁ። ኋላ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁና ሳይለኝ ጫማዬን አወለቅሁ። ካልሲዬን አወለቅሁ። ሴቶቹ ይኼ ሽማግሌ ምን ነካው ብለው ሲተያዩ ይታየኛል። ሁለቱንም እግሬን ቀዝቃዛው አፈር ላይ አሳርፌ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ከትንሿ ጣት ጀምሬ ቆጠርሁለት።